ትናንት ስሕተት የነበረው፦ የእስፓንኛ ሰዋስው ታሪክ ለጀማሪ ተፈታኞች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ይህን ንግግር እንዳቀርብ የጠየቁኝ የእስፓንኛን የጀማሪዎች ፈተና ለመውሰድ የተመዘገቡ ተማሪዎች ናቸው። ‹ከሰዋስው ስሕተት የምንጠበቅበትን መንገድ ይንገሩን› ነበር ያሉኝ። እኔ የታሪክ እንጂ የቋንቋ መምህር አይደለሁምና ጥያቄው ወደ እኔ መምጣቱ መጀመሪያ አስገርሞኝ ነበር። ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን የመረጡኝ ስለማውቅ ሳይሆን፣ በእንዲህ ያለው ፈተና መውደቄን ስለ ሰሙ ነው።

እውነት ነው፤ ወድቄያለሁ። እስፓንኛ መማር የጀመርኩት በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ምክንያቴ ወደ አገራችን የመጡትን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽሑፎች ያለ አስተርጓሚ ለማንበብ መፈለጌ ነበር። ከእነርሱ መካከል ፔድሮ ፓኤዝ ካስቲልያዊ ነበር፤ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ፣ በ1622 እዚሁ ዐረፈ። ትልቁን የኢትዮጵያ ታሪኩን የጻፈው በአፍ መፍቻው ሳይሆን በፖርቱጋልኛ ነው፤ በፖርቱጋልኛውም ውስጥ ካስቲልኛው ብቅ እያለ ያሳጣዋል። በሰው ቋንቋ መጻፍ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ እኔ ያን ጊዜ ገና አላወቅሁም። የመጀመሪያው ፈተናዬ የጽሑፍ ክፍል ሲመለስልኝ ሦስት ነገሮች በቀይ ተሰምረውባቸው ነበር። ‹ማድሪድ ኤስ ኤን ኤስፓኛ› ብዬ ጽፌያለሁ፤ ማድሪድ ስፔን ውስጥ ናት ለማለት። ‹ኤል አጉዋ ፍሪዮ› ብያለሁ፤ ቀዝቃዛው ውኃ ለማለት። ‹ኮምፕሬ አል ሊብሮ› ብያለሁ፤ መጽሐፉን ገዛሁ ለማለት። ለምን ስሕተት እንደ ሆኑ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ‹ሕጉ እንዲህ ስለ ሆነ› የሚል ነበር።

ለታሪክ ሰው ይህ መልስ አይሆንም። ሕግ ሁሉ የወጣበት ዘመንና የወጣበት ምክንያት አለው። ስለዚህ ሦስቱን ስሕተቶቼን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። ያገኘሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ግራ የሚያጋባን ደንብ ሁሉ ሲወለድ ምክንያት ነበረው፤ ያን ምክንያት ያወቀ ሰው ደንቡን በቀላሉ አይረሳውም። ሁለተኛ፣ ስሕተት የምንለው አብዛኛው ነገር አለማወቅ ሳይሆን ታዛዥነት ነው፦ የአማርኛን ሕግ በሰው አገር ማክበር።

ከሩቁ ልጀምር። ከላቲን የመጨረሻ ዘመናት የተረፈ አንድ ዝርዝር አለ፤ ሊቃውንት የፕሮቡስ ተቀጽላ ይሉታል። ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም፤ በተማሪዎቹ አጻጻፍ የተማረረ መምህር ሳይሆን አይቀርም። 227 ጥንድ ቃላትን ደርድሮ፣ ይኸኛው ትክክል ነው፣ ያኛው አይደለም እያለ ይገሥጻል። መስታወት ‹ስፔኩሉም› እንጂ ‹ስፔክሉም› አይባልም፤ አሮጌ ‹ቬቱሉስ› እንጂ ‹ቬክሉስ› አይባልም፤ ጆሮም ‹አውሪስ› እንጂ ‹ኦሪክላ› አይባልም። አሁን የእስፓንኛ መዝገበ ቃላታችሁን ግለጡ። መስታወት ‹ኤስፔሆ›፣ አሮጌ ‹ቪየሆ›፣ ጆሮ ‹ኦሬሃ› ነው። ሦስቱም የወጡት መምህሩ ከከለከለው ወገን ነው። ያ ሰው ቋንቋውን ከጥፋት ያዳነ መስሎት የጻፈው ዝርዝር፣ ዛሬ ለእኛ የሚያገለግለው ተማሪዎቹ በእውነት እንዴት ይናገሩ እንደ ነበር በመመስከሩ ነው።

ይህን ሰምቶ ‹እንግዲያው የእኔም ስሕተት ነገ ሕግ ይሆናል› የሚል ተማሪ ቢኖር አልፈርድበትም። ፈታኙ የሚያርመው ግን የዛሬውን ነው።

ለእስፓንኛ የመጀመሪያውን ሰዋስው የጻፈለት አንቶኒዮ ዴ ኔብሪሃ ነው፤ መጽሐፉ በሳላማንካ የታተመው በነሐሴ 1492፣ ኮሎምበስ መርከቦቹን ይዞ ከተነሣ ከ15 ቀን በኋላ ነበር። ኔብሪሃ በመቅድሙ እንደሚተርከው፣ የሥራውን ናሙና ለንግሥት ኢሳቤላ ባሳየ ጊዜ ንግሥቲቱ ‹ይህ ምን ይጠቅማል?› ብላ ጠየቀችው። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ሰዋስው ማለት ያን ጊዜ የላቲን ሰዋስው ማለት ነው፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባውን ቋንቋ ማን በመጽሐፍ ይማራል? መልሱን ከአፉ ነጥቆ የሰጠው የአቢላው ጳጳስ ነበር፦ ንግሥቲቱ ድል የምታደርጋቸው ልዩ ልዩ ቋንቋ ያላቸው ሕዝቦች የድል አድራጊውን ሕግ፣ ከሕጉም ጋር ቋንቋውን መቀበል ግድ ይሆንባቸዋል። የታሪክ ተማሪዎች ስለዚህ መልስ ብዙ ተከራክረዋል፤ መከራከራቸውም ይገባል። ለዛሬው ጉዳያችን ግን እኔን የሳበኝ ሌላ ነው። መጽሐፉ አምስት ክፍል አለው፤ አምስተኛው ክፍል የተጻፈው የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ሆነው ካስቲልኛን መማር ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ይኸውም ማለት የእስፓንኛ ሰዋስው ገና ሲወለድ ጀማሪውን የውጭ ተማሪ በሐሳቡ ይዞ ነበር። እናንተ በኋላ የመጣችሁ እንግዶች አይደላችሁም። (መጽሐፉ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ዳግመኛ አለመታተሙን ደግሞ ደራሲ ለሆኑ ባልደረቦቼ መጽናኛ ይሆን ዘንድ እጠቅሳለሁ።)

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀይ መሥመር።

ላቲን ‹መሆን›ን ‹ኤሴ› ይለው ነበር። ‹ስታሬ› መቆም፣ ‹ሴዴሬ› ደግሞ መቀመጥ ነው። በካስቲልያ ሕዝብ አፍ ኤሴና ሴዴሬ ተደባልቀው ‹ሴር› የሚለውን ግስ ሰጡ፤ ስታሬ ‹ኤስታር› ሆነ። እነሆ ለእኛ አንድ ‹ነው› ለእነርሱ ሁለት የሆነበት ምክንያት። ግእዝ የተማራችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። በግእዝ ‹ነበረ› ማለት ተቀመጠ ማለት ነውና፤ ‹መንበር› የተባለው፣ በአማርኛም ‹ወንበር› የተባለው ከዚሁ ነው። አማርኛ ግን መቀመጡን ትቶ ‹ነበረ›ን ያለፈ ጊዜ የመሆን ግስ አደረገው። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሕዝቦች በየራሳቸው መንገድ ከመቀመጥ ወደ መሆን ተሻገሩ።

የመማሪያ መጻሕፍት ‹ሴር ለዘላቂ ነገር፣ ኤስታር ለጊዜያዊ ነገር› ይላሉ። በእኔ አስተያየት ከዚህ ይልቅ ብዙ ተማሪ የጣለ ምክር የለም። ማድሪድ ከስፔን ልትወጣ ነውን? ግን ‹ማድሪድ ኤስታ ኤን ኤስፓኛ› ነው የሚባለው። የሞተ ሰውም ‹ኤስታ ሙዌርቶ› ነው፤ ሞት ጊዜያዊ ነውን? ደንቡን የሚፈታው ጊዜ ሳይሆን የግሱ ጥንተ ነገር ነው። ኤስታር መቆም ነበር፤ አንድ ነገር የት እንደ ቆመና በምን ሁኔታ ላይ እንደ ደረሰ ይናገራል። በመካከለኛው ዘመን ካስቲልኛ ሴር ስለ ቦታም ይነገር ነበር፤ የእኔ ‹ማድሪድ ኤስ ኤን ኤስፓኛ› በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቢጻፍ ማንንም ባላስደነገጠ። ኤስታር ግን እየሰፋ ሄዶ ቦታውን ጠቀለለው። ለሴር የቀረለት የድርጊቶች ቦታ ብቻ ነው፤ ‹ላ ፊየስታ ኤስ ኤን ሚ ካሳ›፣ ድግሱ ቤቴ ነው፣ ይባላል።

ይህን ወደ አማርኛ ስመልሰው ሁለት መፈተሻ አገኘሁ፤ ለራሴ የሠራኋቸው ናቸው። ስለ ቦታ ስትጽፉ ‹ነው›ን አንሥታችሁ ‹ይገኛል› በሉበት። ‹ማድሪድ ስፔን ውስጥ ትገኛለች› ያስኬዳል፤ እንግዲያስ ኤስታር። ‹ድግሱ ቤቴ ይገኛል› ግን አያስኬድም፤ ‹ይደረጋል› ነው የሚባለው፤ እንግዲያስ ሴር። ስለ ሁኔታ ስትጽፉ ደግሞ ሐሳቡን አማርኛ በራሱ መንገድ እንዴት እንደሚለው አድምጡ። በሩ ተዘግቷል፤ ልጁ ተቀምጧል፤ ደክሞታል፤ ሰውዬው ሞቷል። አማርኛ እነዚህን በ‹ነው› አይላቸውም፤ ‹ተቀምጦ› ላይ ‹አለ›ን ቀጥሎ ‹ተቀምጧል› ይላል። እስፓንኛ አራቱንም በኤስታር ይላቸዋል። መፈተሻው ሁሉን በር አይከፍትም፤ በጀማሪ ፈተና ላይ የሚመጣውን አብዛኛውን ግን ይከፍታል።

‹አለ›ን ካነሣሁ አይቀር፣ እርሱም ወጥመድ አለበት። ‹ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ አለ› እና ‹መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ አለ› ለእኛ አንድ ግስ ናቸው። እስፓንኛ የመጀመሪያውን ‹አይ›፣ ሁለተኛውን ‹ኤስታ› ይለዋል። ‹አይ› የሁለት ቃላት ቅሪት ነው፤ ‹አ› አለው ወይም ያዘ ማለት ነው፣ ‹ይ› ደግሞ በዚያ የሚል ያረጀ ቃል። ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ መጽሐፉ አንድ ሆነ ሺህ አይለወጥም። እኛ አለ፣ አለች፣ አሉ እያልን ስለምናረባ እርሱንም ልናረባ እንዳዳለን። ታወቀ ወይም ‹እሙር› የምንለው ስም ሲመጣ ኤስታር፣ ያልታወቀው ሲመጣ ‹አይ›፤ የ‹መጽሐፉ› የመጨረሻ ፊደል መንገዱን ያሳያችኋል።

ሁለተኛው ቀይ መሥመር የውኃው ነው። ይህን ታሪክ ከሁሉ አብልጬ ስለምወደው ትንሽ ልቆይበት።

ላቲን ሦስት ጾታ ነበረው፤ ተባዕት፣ አንስትና ግዑዝ። ግዑዙ በሕዝብ አፍ ፈረሰ፤ ቃላቱም በሁለቱ መካከል ተከፋፈሉ። ክፍፍሉ ሁልጊዜ በመጨረሻ ድምፃቸው አልነበረም። ‹ማኖ›፣ እጅ፣ በ‹ኦ› ቢያልቅም በላቲንም ሴት ስለ ነበረ ሴት ሆኖ ቀረ። ‹ፕሮብሌማ› በ‹አ› ቢያልቅም ከግሪክ የመጣ የግዑዝ ወገን ስለ ነበረ ወደ ተባዕቱ ገባ፤ ‹ቴማ›ና ‹ሲስቴማ›ም እንዲሁ። እነዚህን ‹ከደንብ የወጡ› ብሎ መሸምደድ አድካሚ ነው፤ በዘራቸው ማወቅ ይቀላል።

‹አጉዋ›፣ ውኃ፣ ግን ሁልጊዜ ሴት ነበረች፤ ዛሬም ሴት ናት። ታዲያ ‹ኤል› የሚለው የወንዱ አመልካች ፊቷ ላይ ምን ያደርጋል? ምስጢሩ ያ ‹ኤል› ወንድ አለመሆኑ ነው። የሴቷ አመልካች ከላቲኑ ‹ኢላ› ወጥታ በጥንቱ ካስቲልኛ ‹ኤላ› ትባል ነበር። ተነባቢ ሲከተላት የፊት ድምፅዋን ጥላ ‹ላ› ሆነች፤ አናባቢ ሲከተላት ግን የኋላዋን ጥላ ‹ኤል› ሆነች። ‹ኤላ አጉዋ› እንዲህ ነው ‹ኤል አጉዋ› የሆነው። ከዘመን ብዛት ይህ መልክ የተረፈው አጽንዖት ባለው ‹አ› ለሚጀምሩ ስሞች ብቻ ነው። እኔ ፈተናው ላይ በወንድ ልብስ ያየኋትን ሴት ወንድ ብዬ ቅጽሉንም ‹ፍሪዮ› አልኩት፤ ‹ኤል አጉዋ ፍሪያ› ማለት ነበረብኝ። ብዙ ሲሆኑ ‹ላስ አጉዋስ› ብለው እውነተኛ ማንነታቸውን ይገልጣሉ። ረኃብም ‹አምብሬ› እንዲሁ ናት፤ ‹በጣም ርቦኛል› ለማለት ‹ቴንጎ ሙቻ አምብሬ› እንጂ ‹ሙቾ› አይባልም።

እዚህ ላይ የአማርኛው ልማድ ከባድ ጠላት ነው። እኛ ግዑዝ ነገርን እንደ ስሜታችን ወንድም ሴትም እናደርጋለን፤ ቤቱ ያልነውን ስንወደው ወይም ስናሳንሰው ቤቷ እንላለን። ቅጽላችንም ‹ቀይ ቤት›፣ ‹ቀይ መኪና› ሲል ለጾታ አይሰግድም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የጾታን ደንብ አውቆት እንኳ ሲጽፍ ይዘነጋዋል፤ ጆሮው አልለመደውማ። ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ስምን ብቻውን ሳይሆን ከአመልካቹና ከአንድ ቅጽል ጋር ማጥናት ነው፤ ‹አጉዋ› ሳይሆን ‹ኤል አጉዋ ፍሪያ›፤ ‹ማኖ› ሳይሆን ‹ላ ማኖ ዴሬቻ›።

ሦስተኛው መሥመር አጭር ነው። የላቲን ስሞች ባለቤትና ተሳቢን የሚለዩበት ዝርዝር መድረሻ ነበራቸው። መድረሻው ሲረግፍ ማን ማንን እንዳየ መለየት አስቸገረ፤ በተለይም ሁለቱም ሰዎች ሲሆኑ። ካስቲልኛ ከሰው ተሳቢ በፊት ‹አ› የሚለውን መስተዋድድ አቆመ፦ ‹ቬኦ አ ማሪያ›፣ ማርያምን አያታለሁ። የኛ ‹ን› ወንድም ይመስላል፤ እኔም ወንድም መስሎኝ መጽሐፉ ላይ ጨመርኩት። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ ‹ን› የሚጠይቀው ‹የታወቀ ነው?› ብሎ ነው፣ ‹አ› የሚጠይቀው ‹ሰው ነው?› ብሎ። ‹መጽሐፉን ገዛሁ› ሲባል አማርኛ ‹ን› ይፈልጋል፣ እስፓንኛ ‹አ› አይፈልግም። ‹አንድ ሰው አየሁ› ሲባል ደግሞ አማርኛ ‹ን›ን ይተዋል፣ እስፓንኛ ‹ቪ አ ኡን ኦምብሬ› ይላል።

እስካሁን አማርኛን እንደ ወጥመድ ብቻ አቀረብኩት፤ ፍትሐዊ አይደለም። ብዙዎቻችን እስፓንኛን የምንማረው በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ስለ ሆነ፣ ቅርብ የነበረውን መንገድ ትተን በእንግሊዝኛ ዞረን እንሄዳለን። ‹ሙዚቃ እወዳለሁ› ለማለት ‹ዮ ጉስቶ› ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የተሳሳተው በእንግሊዝኛ አስቦ ነው። አማርኛ ግን ‹ቡናው ጣመኝ፣ ምግቦቹ ጣሙኝ› ይላል፤ ባለቤቱ የጣመው ነገር፣ ተቀባዩ እኔ። ‹ሜ ጉስታ ኤል ካፌ፣ ሜ ጉስታን ሎስ ሊብሮስ› ልክ ይህንኑ አሠራር ይዟል።

የአክብሮት አጠራሩም እንዲሁ ነው። ‹ኡስቴድ› የተወለደው ‹ቩዌስትራ መርሴድ›፣ ቸርነትዎ እንደ ማለት፣ ከሚል የማዕረግ አጠራር ነው፤ በሕዝብ አፍ ሲፈጭ ቆይቶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ። በ1492 ከስፔን የተባረሩት አይሁድ ይዘውት በሄዱት እስፓንኛ ውስጥ ኡስቴድ የለም፤ ሲወጡ ገና አልተወለደምና። የሚነገረው ስለ ‹ቸርነት› ስለ ነበረ ግሱ የሦስተኛ ሰው ሆኖ ቀረ፤ ‹ኡስቴድ ቲየኔ› እንጂ ‹ቲየኔስ› አይባልም። እንግሊዞች ይህን ለመልመድ ይቸገራሉ። እኛ ‹እርስዎ ይመጣሉ› የምንለው በ‹እነርሱ ይመጣሉ› ግስ አይደለምን? ‹እርስዎ›ም ቢሆን ከግእዙ ‹ርእስ› እንደሚወጣ የቋንቋ ምሁራን ያስተምራሉ። ታላቅን ሰው በቀጥታ ላለመንካት ወደ ጎን መናገር ለሁለታችንም ያባት ወግ ነው።

ሕጉን ማን ያወጣል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ኔብሪሃን የአንዳሉሲያ ሰው ነህና ካስቲልኛህ አይታመንም ብሎ የነቀፈው ሁዋን ዴ ቫልዴስ ነበር፤ በ1535 ገደማ በናፖሊ፣ ቋንቋውን ለሚማሩ ኢጣሊያውያን ወዳጆቹ በጻፈው የውይይት መጽሐፍ። በ1713 የእስፓንያ ንጉሣዊ አካዳሚ ተቋቋመ፤ በ1771 የመጀመሪያውን ሰዋስው አወጣ። አካዳሚውም ሐሳቡን ይለውጣል። ‹አየሁት› ለማለት በ1796 በወጣው እትሙ ትክክለኛው ‹ሌ ቪ› ብቻ ነው አለ፤ ዛሬ መደበኛው ‹ሎ ቪ› ነው፣ ‹ሌ› ስለ ወንድ ሰው ሲነገር በይሁንታ ይታለፋል። የዛሬ ተማሪ ትክክል ብሎ የሚጽፈውን ያን ጊዜ የነበረ አራሚ በቀይ ያሰምርበት ነበር። በ1847 አንድሬስ ቤሎ በቺሊ ሰዋስው ሲያሳትም በርዕሱ ላይ ለአሜሪካውያን መገልገያ መሆኑን ጻፈ። ለፔኒንሱላ ሰዎች ለማስተማር አልደፍርም ማለቱ ትሕትና ይመስላል፤ እኔ ግን እንደ ነፃነት አዋጅ አነበዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለፈተናው ቀን የሚሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ። በ1988 የተመሠረተው የ‹ዴሌ› ፈተና የጀማሪ ደረጃው አራት ክፍሎች አሉት፤ ማንበብና መጻፍ አንድ ምድብ፣ ማዳመጥና መናገር ሌላ ምድብ ናቸው። ከእያንዳንዱ ምድብ ከ50 ነጥብ 30 ማግኘት ግድ ነው፤ በአንዱ የተረፈ ነጥብ ሌላውን አያድንም። ሰዋስው የሚል ለብቻው የቆመ ክፍል የለም፤ የሚታየው በጽሑፋችሁና በንግግራችሁ ውስጥ ነው። ለጽሑፉ የሚሰጠው 25 ደቂቃ ነው፤ ቅጽ መሙላትና አጭር መልእክት መጻፍ። ሃያውን ጻፉበት፣ አምስቱን አትንኩ። በአምስቱ ደቂቃ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ እለፉበት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየፈለጋችሁ። መጀመሪያ ‹ኤስ›ና ‹ኤስታ›ን ፈልጉና ‹ይገኛል› ብላችሁ ሞክሩ። ቀጥሎ ስምን ሁሉ ከቅጽሉ ጋር አጣምሩ። በመጨረሻ ተሳቢውን ፈልጉ፤ ሰው ነው ወይስ ዕቃ?

በሁለተኛው ሙከራዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በዚያኛው ጊዜ አልፌያለሁ፤ ነገር ግን ‹ላ ፕሮብሌማ› ብዬ ጽፌ በአንድ ቀይ መሥመር ነው ያለፍኩት። ጊዜው ስለ ደረሰ እዚህ ላይ ላቁም፤ ከኋላ መደዳ እጅ የተነሣ ይመስለኛል፤ ጥያቄዎን ያቅርቡ።